ወድቆ መጣል

«ወደቀ» የሚለው ቃል በአገራችን ከባድ ቃል ነው። ታጋይ ይወድቃል፤ ተፈታኝም ይወድቃል። ቤት ሲፈርስ ወደቀ ይባላል፤ የተከበረ ሰው ሲዋረድም ያው ወደቀ ነው። «የወደቀ ግንድ ምሳር ይበዛበታል» የሚለውን ተረት ከመካከላችን ያልሰማ የለም። ስለዚህ በዚህ የግድግዳ ጋዜጣ ላይ ስለ መውደቅ ስንጽፍ «እነዚህ ልጆች ሌላ ርእስ አጡ እንዴ?» የሚለን አንባቢ ይኖር ይሆናል። ርእስ አላጣንም። ነገር ግን በዚህ ዓመት ከተማርነው ሁሉ እንቅልፍ የነሣን ይኸው ስለሆነ፣ ለሠልጣኝ ጓደኞቻችንም ለመምህራኖቻችንም ብንናገረው ይበጃል ብለን ብዕር አነሣን።

እኛ ማለት ሦስት ሠልጣኞች ነን። አንዳችን ከጋይንት፣ አንዳችን ከስማዳ፣ አንዳችን ከእስቴ የመጣን ስንሆን፣ ከ4000 ሜትር በላይ የሚቆመውን የጉናን ተራራ አንዱ ከቅርብ፣ ሌላው ከሩቅ እያየ ያደግን ነን። የ12ኛ ክፍል ፈተና ወስደን ዩኒቨርሲቲ የሚያስገባ ነጥብ አላገኘንም። በዚህ ረገድ ብዙ ጓደኛ አለን፤ ከ2014 ዓ.ም. ተፈታኞች መካከል ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት ከመቶ 3.3 ብቻ እንደነበሩ የሚታወስ ነው። ይሁንና ቁጥሩ ቤት ድረስ አብሮን አልሄደም። ቤት ስንደርስ የጠበቀን «ወደቁ» የሚለው ወሬ ብቻ ነበር። እናም ወደዚህ ማሠልጠኛ ስንመጣ ከሦስታችን አንዳችንም «ከእንግዲህ ወዲያ ሁለተኛ አልወድቅም» ሳይል አልመጣም።

ትግል እንደሆነ ከልጅነታችን እናውቀዋለን። ከብት ያገደ ልጅ ሁሉ ያውቀዋል። ከብቱ ጠግቦ ተኝቶ ሲያመሰኳ፣ ትልልቆቹ እረኞች እኩያን ከእኩያ ያጋጥሙና «በሉ ተያያዙ!» ይላሉ። ወገብ ለወገብ መተቃቀፍ፣ እግር መጥለፍ፣ ማንሣት፣ መጠምዘዝ ነው። ሕጉ አጭር ነው፤ ጀርባው መሬት የነካ ተሸነፈ። ሁለቱ ተያይዘው ቢወድቁ እንኳ ከላይ የሆነው ጣለ፣ ከታች የሆነው ተጣለ ይባላል። የተጣለ ልጅ ማታ ከብቱን ሲያስገባ ወሬው ቀድሞት ቤት ደርሶ ይጠብቀዋል። ታዲያ በእኛ አገር «አስቀድሜ እኔ ልውደቅና ልጣልህ» የሚል ታጋይ ቢገኝ፣ ዘመዶቹ ይዘውት ጠበል ይሄዱ ነበር እንጂ ጎበዝ አይሉትም።

ይህን አሳብ ይዘን ነው የሰውነት ማጎልመሻ መምህራችን ስለ ጁዶ ሲያስተምሩን የተገኘነው። ጁዶን የመሠረተው ጃፓናዊው ጂጎሮ ካኖ ነው። እ.ኤ.አ. በ1882 በቶኪዮ በአንድ የቡድሃ ቤተ መቅደስ ውስጥ፣ 12 ምንጣፍ በምትይዝ ክፍል፣ 9 ተማሪዎችን ይዞ ኮዶካን የተባለውን ትምህርት ቤት ሲከፍት ዕድሜው ገና 21 ነበር። መምህራችን ይህን ሲነግሩን እርስ በርሳችን ተያየን፤ የእኛ እኩያ ነው ማለት ነው። ሰውነቱ ደቃቃ ስለነበረ በልጅነቱ ጉልበተኞች ያጠቁት ነበር፤ ግብግብ ለመማር የተነሣውም በዚሁ ምክንያት ነው። ከሁሉ በላይ የገረመን ግን ሥራው ነው። ካኖ መምህር ነበር፤ ያውም የመምህራን መምህር። የቶኪዮን ከፍተኛ የመምህራን ማሠልጠኛ ትምህርት ቤት ለብዙ ዓመታት በርእሰ መምህርነት መርቷል። ስለሆነም ጁጂትሱ የተባለውን የጥንት ጦረኞች ግብግብ ወስዶ፣ አደገኛውን እየነቀሰ፣ ለተማሪ እንዲስማማ አድርጎ ያቀናው አንድ የሙያ ባልደረባችን ነው ማለት ይቻላል። ጁዶ የሚለው ቃልም ትርጉሙ «የለስላሳ መንገድ» ማለት ነው።

ጁዶ ለመጀመሪያ ጊዜ ኦሊምፒክ ውስጥ የገባው በ1957 ዓ.ም. በቶኪዮ ነው። ይህ ለእኛ የአበበ ቢቂላ ኦሊምፒክ ነው። ትርፍ አንጀቱን በቀዶ ጥገና ካስወጣ ሁለት ወር ያልሞላው አበበ፣ ጥቅምት 11 ቀን ማራቶንን ለሁለተኛ ጊዜ አሸንፎ፣ ሌሎቹ ገና መንገድ ላይ ሳሉ ሣሩ ላይ በጀርባው ተንጋልሎ እግሩን ወደ ሰማይ እያነሣ ሰውነቱን ሲያፍታታ ዓለም ጉድ አለ። በሁለተኛው ቀን፣ ጥቅምት 13፣ ክብደት በማይለይበት የጁዶ ምድብ ጃፓኖች በገዛ አገራቸው በሆላንዳዊው አንቶን ጌሲንክ ተረቱ። መምህራችን ይህን ተርከው ሲጨርሱ «አያችሁ፣ በዚያ ሳምንት ጀርባው መሬት የነካ ሁሉ አልተሸነፈም» ብለው ሳቁ።

ከጁዶ አጣጣሎች መካከል ሱተሚ-ዋዛ የሚባሉ አሉ። ቃሉ የገዛ ገላን መጣል፣ ራስን አሳልፎ መስጠት እንደ ማለት ነው። ሁለት ወገን ናቸው፤ በጀርባ የሚወደቅባቸውና በጎን የሚወደቅባቸው። በጀርባ ከሚወደቅባቸው የታወቀው ቶሞኤ-ናጌ ነው። አሠራሩ እንዲህ ነው። ባላጋራህ ይገፋሃል። አገሬው ሁሉ የሚያውቀው መልስ መልሶ መግፋት ነው፤ አንተ ግን አትገፋም። ኮሌታውንና እጅጌውን እንደያዝህ ወደ ራስህና ወደ ላይ ትስበዋለህ፤ ክብደቱ በእግሩ ጣቶች ላይ ይወጣል። ያን ጊዜ አንድ እግርህን በሁለቱ እግሮቹ መካከል አግብተህ ከሥሩ ቁጭ ትላለህ፤ የሌላውን እግርህን መርገጫ ከእምብርቱ በታች ታሳርፋለህ፤ በጀርባህ እየተንከባለልህ እግርህን ትዘረጋለህ። የገፋህ ሰው በራሱ ግፊት በአናትህ ላይ አልፎ በጀርባው ይነጠፋል።

ችግሩ በግማሽ ልብ የማይሠራ መሆኑ ነው። ልውደቅ አልውደቅ እያልህ ከወረድህ፣ በገዛ ፈቃድህ ተንጋልለህ ባላጋራህን ከላይህ ታስቀምጠዋለህ፤ በውድድር ሕግ ደግሞ 20 ሴኮንድ በጀርባህ አስተኝቶ ከያዘህ ጨዋታው አለቀ። እንግዲህ በዚህ አጣጣል ሌላውን የሚጥል ሰው መጀመሪያ የራሱን ክብር መሬት ላይ ማኖር አለበት።

እኛም ይህን ስንሰማ «ዛሬውኑ እንጀምር» አልን። መምህራችን ግን አሮጌ የመኝታ ፍራሾች አስነጥፈው ያስተማሩን መውደቅ ብቻ ሆነ። መጀመሪያ ተኝተን፣ ቀጥሎ ቁጢጥ ብለን፣ በመጨረሻ ቆመን። አገጭ ወደ ደረት፤ ዓይን ወደ መታጠቂያ፤ ክንድን ከጎን ዘርግቶ መሬቱን ጠፍ! ማድረግ፤ እስትንፋስን ማውጣት። እጅን ግን ለመደገፍ ብሎ ፈጽሞ አለመትከል፤ ምክንያቱም የሰውነት ክብደት ሁሉ ተሰብስቦ በአንዲት አንጓ ላይ ያርፋልና። «እናንተ መሬቱን ስትመቱት ነው እሱ የማይመታችሁ» ይሉን ነበር። አንድ ሳምንት፣ ሁለት ሳምንት፣ ስድስት ሳምንት እንዲሁ ሆነ። በአጠገባችን የሚያልፉ ሠልጣኞች «ዛሬም እየወደቃችሁ ነው?» እያሉ አሾፉብን። ሸሽተነው የመጣነው ቃል እዚህም ተከትሎን መጣ።

በሰባተኛው ሳምንት መምህራችን አጣጣሉን አሳዩን። እያንዳንዳችንን በአናታቸው ላይ አሳልፈው ሲጥሉን አንድ እጃቸው እጅጌያችንን እንደያዘ ነበር፤ ልክ ከመሬት ስንደርስ ሳብ ያደርጉናል፤ አወዳደቃችን ይለዝባል። «እጅጌውን አትልቀቁ። የጣላችሁት ሰው አደራችሁ ነው። መውደቅ ያልተማረ ሰው ላይ ደግሞ እንዳትሞክሩት» አሉን። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል፤ እዚህ ግን ሞኙ የያዘውን የሚለቀው ነው። እሺ አልን። እሺ ማለት እንደሆነ ቀላል ነው።

የመንፈቀ ዓመቱ ፈተና አልቆ በጥር ወር ስንበተን ሦስታችንም ወደ ጋይንቱ ጓደኛችን ቤት ሄድን። አባቱ ለገብስ ውቂያ ደቦ ጠርተው ስለነበር ጉልበት እንጨምርላቸው ብለን ነው። ንፋስ መውጫ ላይ ከመኪና ወርደን በእግር ገሰገስን። ንፋስ መውጫ ስሟን በከንቱ አላገኘችም፤ በሬዎቹ አበራይተው ከወጡ በኋላ በመንሽ ገለባውን ስናነሣ፣ በላይዳ እህሉን ወደ ላይ ስንበትን፣ ነፋሱ ገለባውን ወስዶ ባንድ በኩል እንደ ኮረብታ ከመረው።

በሁለተኛው ቀን ከሰዓት በኋላ ነፋሱ ዝም አለ። ሰዉ አረፍ ብሎ ጠላ ሲቀማምስ፣ ጎረምሶቹ እዚያው አውድማ ዳር ትግል ገጠሙ። አንዱ ወደ እኛ ዞሮ «እናንተ ተማሪዎች፣ ብዕር እንጂ ወገብ አላችሁ?» አለን። ይህን እየሰማ ማን ይቀመጣል? ሁለታችን አሮጌ ኮት ለበስንና ገለባው ክምር ላይ ተያያዝን። አንደኛው ገፋ፤ ሌላው ከሥሩ ቁጭ አለ፤ የገፋው በአየር ላይ ተገልብጦ ገለባው ውስጥ ሰመጠ። መጀመሪያ «ወደቀ!» ብለው ጮኹ፤ ቀጥለው «ኧረ ጣለ!» አሉ። ሽማግሌዎቹ ዋንጫቸውን እንደያዙ «ቆይ፣ ማን ጣለ? ማን ወደቀ?» እያሉ መከራከር ያዙ። ደስ አለን። መደሰታችን ብቻውን ክፋት አልነበረውም፤ ክፋቱ እዚያ ላይ አለማቆማችን ነው።

የጓደኛችን ታናሽ ወንድም ገና የ8ኛ ክፍል ተማሪ ነው። እየዘለለ መጣና «አያ፣ እስቲ እኔንም!» አለ። ማን ጣለው ብላችሁ አትጠይቁን። አንዳችን ኮሌታውንና እጅጌውን ያዘ፤ ሁለታችን «ግፋው! ግፋው!» እያልን አስገፋነው። ሦስታችንም ጥለነዋል። ልጁ በሙሉ ልቡ ገፋ። የዚያን ቀን የወጣልን አጣጣል ከዚያም በፊት ከዚያም በኋላ ወጥቶልን አያውቅም። ሰዉ ሲያጨበጭብ እጃችን እጅጌውን ለቀቀው። ልጁ ከገለባው አልፎ በእበት ተለቅልቆ እንደ ድንጋይ ወደ ጠነከረው አውድማ ሄደ፤ መውደቅ ያልተማረ ሰው እንደሚያደርገውም ቀኝ እጁን ተከለ። ደረቅ እንጨት ሲቀነጠስ የሚሰማው ዓይነት ድምፅ ተሰማ። ጭብጨባው ቆመ።

ወጌሻው ተጠርተው መጡ። ክንዱን ዳሰስ ዳሰስ አድርገው «ይኸስ በእኔ ብቻ አይሆንም፤ ሐኪም ይየው» አሉና በስንጥር ደግፈው አሰሩለት። በዚያው ማታ ሐኪም ቤት ደረስን። ራጅ ተነሣ፤ ከአንጓው ከፍ ብሎ ክንዱ ተሰብሯል። ጀሶ ተደረገለት፤ ስድስት ሳምንት ተባለ። ሚኒስትሪ የሚፈተን ልጅ፣ የሚጽፍበት ቀኝ እጁ ነው።

በማግሥቱ ስንመለስ እናቱ አልጮኹብንም። ቢጮኹብን ይሻለን ነበር። እንደ ወትሮው ውኃ አሙቀው እግራችንን ሊያጥቡን ሳፋውን ይዘው መጡ። «ኧረ አይሆንም፣ እትዬ!» ብለን ተነሣን። ሳፋውን መሬት አስቀምጠው ትንሽ ዝም አሉና «ልጆቼ፣ እናንተ እኮ ነገ አስተማሪ ልትሆኑ ነው። የሰው ልጅ እጃችሁ ሊገባ ነው አይደል?» አሉን። ሌላ ነገር አልተናገሩም።

ያን ሌሊት መደብ ላይ ተኝተን ጥፋቱን የምናስቀምጥበት ቦታ ፈለግን። አንዳችን ገለባው አነስ ይል ነበር አለ። ሌላው ልጁ ከመጠን በላይ ገፍቷል አለ። ደግሞ ያ ጎረምሳ ባይነካካን ኖሮ ተባለ። ብዙ ከተባለ በኋላ ከመካከላችን አንዱ በጨለማው ውስጥ «እጅጌውን ለቀናል» አለ። ከዚያ ወዲያ ንግግር አልነበረም።

የቀረውን የዕረፍት ጊዜ እዚያው ከረምን። አንዳችን በልጁ ፈንታ ከብት ጠበቀ፤ አንዳችን ውቂያውን ከአባቱ ጋር ጨረሰ፤ አንዳችን ያመለጠውን ትምህርት በደብተሩ እየገለበጠ አስጠናው። ልጁ በግራ እጁ ስሙን መጻፍ ተለማመደ፤ ፊደሎቹ እንደ ሰከረ ሰው ሲያጋድሉ እሱ ይስቃል፤ እኛ መሳቅ አልቻልንም።

ወደ ማሠልጠኛችን ስንመለስ ነገሩን የሚያውቅ ሰው አልነበረም። ዝም ብንል ዝም ብሎ ያልፍ ነበር። የመምህራችን ቢሮ በር ላይ ሦስት ጊዜ ደርሰን ሦስት ጊዜ ተመለስን። በአራተኛው ቀን ገባንና ሁሉንም ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ነገርናቸው። መምህራችን እስክንጨርስ አንገታቸውን ደፍተው አዳመጡ። ከዚያም እንዲህ አሉን፦ «ሱተሚ ማለት ራስን መጣል ነው አላልኋችሁም? እናንተ ራሳችሁን አልጣላችሁም። ጀርባችሁ መሬት ነካ እንጂ ልባችሁ ለጭብጨባው ቆሞ ነበር። የጣላችሁት ልጁን ብቻ ነው።»

ቀጥለውም ራስን መጣልም ልክ እንዳለው አስረዱን። እ.ኤ.አ. በ1980 በጃፓን ሻምፒዮና ላይ ስመ ጥሩው ያሱሂሮ ያማሺታ ካኒ-ባሳሚ በሚባል አጣጣል እግሩ ተሰብሮ ነበር። ይኸኛው ወደ ጎን እየወደቁ የባላጋራን እግሮች እንደ መቀስ ቆልፎ መጣል ነው። ያማሺታ ድኖ እ.ኤ.አ. በ1984 በሎስ አንጀለስ ኦሊምፒክ ወርቅ አገኘ፤ አጣጣሉ ግን ዛሬ በውድድር ክልክል ነው። መውደቁ አይደለም ያስከለከለው፤ የሚጣለውን ሰው የሚሰብር መሆኑ ነው። የካኖ አንዱ መመሪያም «እኔም ሌላውም በአንድነት እንልማ» የሚል እንደነበረ መምህራችን ጨምረው ነገሩን። ቅጣት ይሰጡናል ብለን ስንጠብቅ «ከሰኞ ጀምሮ አዲስ ገቢዎችን መውደቅ ታስተምራላችሁ፤ መውደቅ ብቻ» አሉና አሰናበቱን።

ይህ ሁሉ ከመምህርነት ጋር ምን አገናኘው የሚል ቢኖር በመጋቢት ለማስተማር ልምምድ ስንወጣ የሆነውን እንንገረው። ከሦስታችን አንዱ 5ኛ ክፍል ሒሳብ እንዲያስተምር ተመደበ። የክፍልፋይ ድምር ነው። ገምጋሚው መምህር የነጥብ መስጫ ወረቀታቸውን ይዘው ኋላ ተቀምጠዋል። ጓደኛችን ደንግጦ ሁለት ሦስተኛ ሲደመር አንድ አራተኛ ሦስት ሰባተኛ ይሆናል ብሎ ሰሌዳው ላይ ጻፈ። ላዩን ከላዩ፣ ታቹን ከታቹ ደመረዋ! ከኋላ ወንበር አንዲት ልጅ እጇን አወጣች። «መምህር፣ ሦስት ሰባተኛ እኮ ከግማሽ ያንሳል። ሁለት ሦስተኛ ብቻውን ከግማሽ ይበልጣል። ስንጨምርበት እንዴት አነሰ?» አለች።

ክፍሉ ጸጥ አለ። ይህን ጊዜ ምን እንደሚደረግ ሁላችንም ከተማሪነታችን እናውቃለን። «ዝም በይ፣ ቁጭ በይ» ይባላል፤ ወይም ጀርባ ሰጥቶ በመዳፍ ጠረግ ይደረጋል፤ ወይም «እናንተን ልፈትናችሁ ብዬ ነው» ይባላል። ልጅቷ ገፍታናለች፤ መልሶ መግፋት የሚያስፈልገው ጉልበት ትንሽ ነው። እኛ ግን ቁጭ አልን። «ልክ ነሽ፤ ተሳስቻለሁ። ነይና አሳዪን» ብሎ ጓደኛችን ጠመኔውን ሰጣት።

ልጅቷ ሰሌዳው ፊት ስትቆም ግማሽ መንገድ ሄዳ ጠፋባት። ከኋላ መሳቅ የጀመሩ ነበሩ። የእጅጌው ነገር እዚህ ላይ መጣ። ለገዛ ስሕተታችን መልቀቂያ እንድትሆነን ሰሌዳው ላይ አውጥተናት ብቻዋን ብንተዋት፣ ያው አውድማው ላይ ያደረግነውን ደገምነው ማለት ነው። ጓደኛችን አጠገቧ ቆሞ አንድ ዳቦ ሣለላትና «ለ12 እንቁረሰው» አላት። ሁለት ሦስተኛው 8 ቁራሽ፣ አንድ አራተኛው 3 ቁራሽ ሆነ፤ 11 ቁራሽ ከ12። «አንድ ቁራሽ ቀረን!» ብለው ልጆቹ በአንድ ድምፅ ጮኹ። ከዚያ በኋላ እጁን ያላወጣ ልጅ አልነበረም። ገምጋሚው መምህር ለስሕተቱ ነጥብ ቀነሱብን፤ በሚገባም ቀነሱ። ከታች ግን «ክፍሉ ነቅቷል» ብለው ጽፈዋል።

ለፋሲካ ወደ ጋይንት ተመለስን። የልጁ ጀሶ ከወጣ ሰንብቷል። ክንዱን ሲዘረጋው አሁንም ጥቂት ይጎድለዋል፤ ይህን ሳንጽፍ ማለፍ አልፈለግንም። ገና ሰላም ሳንባባል «አያ፣ አሁን መጀመሪያ መውደቁን አስተምሩኝ» አለን። ወደ እናቱ ዞር ብለን አየን። እሳቸው ደጃፉ ላይ እንደቆሙ ምንም አላሉም። በሦስት ኬሻ ጭድ ጠቅጥቀን ሣሩ ላይ አነጠፍን። ተኝቶ፣ ቁጢጥ ብሎ፣ ቆሞ፤ ቀኙን ደረቱ ላይ እንዲያሳርፍ፣ መሬቱንም በግራው ብቻ እንዲመታ አደረግን። በሦስተኛው ቀን የሰፈሩ እረኞች ሁሉ ተሰልፈው ይወድቁ ጀመር። በመንገድ የሚያልፉ አንድ ሽማግሌ በቅሏቸውን አቁመው «ምን ጉድ ነው ይኸ? ሁሉ ወዳቂ፣ አንድ ጣይ የለም!» አሉ። ልጁ ከጭዱ ላይ ተነሥቶ አቧራውን እያራገፈ «መጣሉ ኋላ ነው፣ አባባ» ሲል መለሰላቸው። እናቱ ይህን ሰምተው ፈገግ ሲሉ አየናቸው። ማታ ውኃውን ሲያመጡ እምቢ አላልንም።

ውድ አንባቢዎቻችን፣ ከዚህ በላይ ብንጽፍ ስብከት ይሆንብናል። እኛ የተማርነው ይህን ያህል ነው፦ ተማሪያችንን ወደማያውቀው ነገር ከመወርወራችን በፊት ሲሳሳት እንዴት እንደሚወድቅ እናስተምረው፤ መውረድ ካስፈለገ አስቀድመን እኛ እንውረድ፤ እጅጌውንም አንልቀቅ።

ለማስታወቂያ ያህል፦ ዘወትር ቅዳሜ ከቀኑ 9 ሰዓት ላይ በስፖርት ሜዳው ጥግ አሮጌዎቹን ፍራሾች አንጥፈን እንጠብቃለን። መውደቅ መማር የሚፈልግ ሁሉ ይምጣ፤ መምህራንም ቢመጡ ደስ ይለናል። መጣል ለመማር የሚመጣ ግን ስድስት ሳምንት ይታገሠን።